አንድ በሬ ይዤ ወጣሁ

ስሜ ይቆየኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከጉና ተራራ ሥር ካለች የፋርጣ ቀበሌ ተነሥቼ ደብረ ታቦር ከተማ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። ባል ነበረኝ፣ አሁን የለኝም። አልሞተም፣ ደህና ነው፤ ተፋተናል። ለምን እንደተፋታን እዚህ አልጽፍም፤ የልጆቼ አባት ማንበብ ይችላል፣ ልጆቼም ነገ አድገው ማንበባቸው አይቀርም።

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የምለው ስለለመድኩት ነው። ከተማ ከገባሁ ወዲህ «ባልሽስ?» ያላለኝ ሰው የለም። አከራይ ይጠይቃል፣ የቀበሌ ጸሐፊ ይጠይቃል፣ ትምህርት ቤት መዝጋቢው ይጠይቃል፣ የእድር ዳኛ ይጠይቃል፣ ጤፍ የምትሰፍርልኝ ሴትዮ ሳትቀር ትጠይቃለች። ብዙ ሴቶች ይህን ጥያቄ እንደ ሐሜት ቆጥረው ይቆጣሉ። እኔ የሒሳብ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ጠያቂው ሁሉ ከባሌ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፤ አከራይ ወሩ ሲሞላ የሚከፍል ሰው፣ አበዳሪ የዋስ ፊርማ፣ እድር ድንኳን የሚተክል ጉልበት። መሬቴን የሚያርስልኝ ሰው ደግሞ ውድማ ላይ የሚሟገተው ወንድ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ይፈልጋል። አዲስ የተፋታች እናት ራሷን ስታስተዋውቅ፣ እንግዲህ፣ ከስሟ በፊት ለእነዚህ ሁሉ መልስ ማዘጋጀት አለባት።

መፋታቱን በራሱ አገራችን በደንብ ያውቀዋል። በእኛ ደጋ የቁርባን ጋብቻ የፈረሰ እንደሆነ ነው ሰው ሁሉ የሚደነግጠው፤ አብዛኛው ሰው ግን የሚጋባው በሰማንያ ነው፣ ሰማንያ ደግሞ በምስክር ታስሮ በምስክር ይፈታል። በ1982 ዓ.ም. በተሰበሰበ አገራዊ መረጃ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት፣ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶ ያህሉ በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያልቁ አሳይቷል፤ ከምክንያቶቹም ያለዕድሜ መዳርንና ልጅ አለመውለድን አንሥቷል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ ከአራት ቤተሰብ የአንዱ ያህል ኃላፊ ሴት መሆኗን መዝግቧል። ሁሉም ፈት አይደሉም፤ ባል የሞተባት አለች፣ ባሏ ሥራ ፍለጋ ርቆ የሄደባት አለች። ብቻ ፋርጣ ውስጥ የትኛውም ጎጥ ብትገቡ ያለ ወንድ የምትኖር እናት ቤት ለማግኘት ብዙ አትጠይቁም።

ሕጉም ቢሆን ከእናቶቻችን ዘመን ይልቅ የኛው የተሻለ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሲሻሻል ሥልጣኑ ወደ ፍርድ ቤት ዞረ። ለዚያ ለውጥ ከተሟገቱት መካከል በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አንዱ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆና አገልግላለች። የእኛ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ በአንደኛው ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የሁለቱ ነው። ልጆችን በተመለከተ የድሮው ሕግ እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ከእናቱ ጋር ይሁን ይል ነበር፤ አዲሱ ዕድሜ አይቆርጥም፣ ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ ይወስናል። እኛ በስምምነት ነው የሄድነው። ዳኛዋ አንድ ላይም ለየብቻም አነጋግራን፣ አስቡበት ብላ መልሳን፣ ስንመለስ አጸደቀችልን። ልጆቹ ከእኔ ጋር ሆኑ፣ ቀለባቸው በእህል ሆነ። ገበሬ ደመወዝ የለውም፤ ወር በገባ ቁጥር ብር አምጣ ማለት አይሆንም።

ከፍርድ ቤቱ ይልቅ ከዓይኔ የማይጠፋው የንብረት ቆጠራው ነው። ሦስት ሰዎች መጡ፤ አንዱ በእሱ ወገን፣ አንዱ አጎቴ፣ ሦስተኛው የንስሐ አባታችን። ከጎተራው ገብስ ጀመሩ። በቁና እየሰፈሩ፣ አንድ ወደዚህ አንድ ወደዚያ። ከዚያ ዶሮዎቹ ተቆጠሩ፤ ጀሪካኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው፣ የቤቱ ቆርቆሮ ሳይቀር ዋጋ ተገመተለት። የንስሐ አባታችን በየመሐሉ «እንዲያው ብትታረቁስ ልጆቼ?» ይሉና መልስ ሳይጠብቁ ቁናውን እንደገና ይሞሉታል። ሞፈርና ቀንበሩ ጋ ሲደርሱ ማንም አንዲት ቃል ሳይናገር ወደ እሱ አደረጉት። ምጣዱና ሰፌዱ ወደ እኔ መጣ። እዚያ ላይ ክርክር የለም፣ ግምትም የለም። በመጨረሻ በሬዎቹ ቀሩ። ሁለት ናቸው፤ አንድ አንድ ደረሰን።

ከተማ ላደገ አንባቢ ይህ እኩል ክፍፍል ይመስለዋል። በሬ ግን ብቻውን አያርስም። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ሌላ ገበሬ ጋር ይቀናጃል፤ መቀናጆ ነው የሚባለው፣ ተራ በተራ የአንዱንም የሌላውንም ማሳ ያርሳሉ። የልጆቼ አባት በዚያው ሰሞን ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጀ። እኔስ? ከእኔ ጋር የሚቀናጅ ሰው በሬዬን ብቻ ሳይሆን ከበሬዬ ኋላ ሞፈር ጨብጦ የሚሄድ ሰውም ይፈልጋል። ወንድሜ የራሱ ማሳ አለው፣ ልጄ ገና ትንሽ ነው። ስለዚህ በሬው ለእሱ የሥራ መሣሪያ ሆነ፣ ለእኔ ግን መኖ የሚበላ እንስሳ። ከብት ገበያ አውጥቼ ሸጥኩት። የዛሬው ምጣዴ፣ የመጀመሪያው ኩንታል ጤፍ፣ የሁለት ወር የቤት ኪራይ፣ የልጆቼ ደብተር፤ ሁሉም ያ በሬ ነው።

መሬቱን ደግሞ እንዲሁ እዩት። ክልላችን የገጠር መሬት ምዝገባ የጀመረው በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ይጻፋል፣ ፎቶግራፋቸውም ይለጠፋል። ይህች ደብተር ለፈት ሴት ያደረገችውን ነገር ማንም ስብሰባ ላይ ተናግሮ አይጨርሰውም። በእናቴ የወጣትነት ዘመን የተፋታች ሴት ወደ አባቷ ቤት በእግሯ ትመለስ ነበር፤ መሬት የሚባል ነገር ከባሏ ቤት ይዛ አትወጣም። እኔ የድርሻዬን በስሜ አውጥቻለሁ፣ የራሴ ደብተር አለኝ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ወሰን ሲያሳይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ድንበሩ ላይ የተተከለውን ድንጋይ ራሴ ነኝ ያቀበልኳቸው።

ግን መሬት ካልታረሰ እህል አይሆንም። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፣ ድንች ትቆፍራለች፤ ሞፈር ግን አትጨብጥም። ለምን ቢባል የሚመልስ የለም፤ ነውር ነው፣ በቃ። አቅም የላትም እንዳይባል ደግሞ ጎረቤታችን ምስክር አለች። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚመጣው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ ፎገራ ውስጥ፣ አውራምባ የምትባል መንደር አለች፤ ዙምራ ኑሩ ከተከታዮቹ ጋር በ1964 ዓ.ም. የመሠረታት። እዚያ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ጥጥ ይፈትላል፣ ይጋግራልም። ከእኛ ቀበሌ እስከዚያ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ሰዉ ሁሉ ስለ እነሱ ያወራል፣ ይደነቃል፤ ተደንቆ ሲያበቃ ነውሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። እኔም ብሆን ሞፈር ልጨብጥ ብል ከሁሉ በፊት የምትቆጣው እናቴ ናት።

ስለዚህ ያለኝ ምርጫ በእኩል መስጠት ነው። አራሹ በሬና ጉልበት ያወጣል፣ እኔ መሬት አወጣለሁ፣ ምርቱን ለሁለት። አሁን ሒሳቡን አብራችሁኝ አስሉ። ባልና ሚስት ሳለን ማሳው በሙሉ የእኛ ነበር። በፍቺው ግማሹ ደረሰኝ። ከግማሹ ምርት ግማሹን አራሹ ወሰደ። የልጆቹ ቀለብ ሳይቆጠር፣ በቤታችን ከነበረው እህል ከአራት እጅ አንዱ ነው ለእኔ የሚተርፈኝ፤ አፍ ግን ከአራት ወደ ሦስት ነው የቀነሰው። ሕግ የሰጠኝን እኩሌታ ነውር እንደገና ለሁለት ይከፍለዋል። የተፋታች እናት ለምን ወደ ከተማ ትጎርፋለች፣ ጠላና አረቄ ለምን ትሸጣለች እያለ የሚወቅስ ሰው ሲገጥመኝ ይህንን ሒሳብ እነግረዋለሁ። ሰምቶ የተከራከረኝ እስካሁን የለም፤ ጭንቅላቱን ነቅንቆ «አይ ጊዜ» ብሎ ነው የሚሄደው። የበሬና የሞፈር ነገር መሆኑን ትቶ በጊዜ ማሳበቡ ይገርመኛል።

ከተማው ደግሞ የራሱ ቁጥር አለው። አከራዬ ባል የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። መጀመሪያ ቤቱን ላይ ስሄድ ልጆቼን ትቼ ሄጄ ነበር፤ ብልሃቱን የነገረችኝ እህቴ ናት፣ ልጅ ያላት ሴት በር ላይ ትመለሳለች ብላ። እትዬ ግን ሻይ አቅርበው ቁጭ አደረጉኝና «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» አሉኝ፣ አለሽ ወይ ሳይሉ። ከዚያ ቀጠሉ፤ «ወንድ የሚመጣ ከሆነ ከአሁኑ ንገሪኝ፣ ኩበት የምትማግጂ ከሆነም ከአሁኑ ንገሪኝ፣ ጭሱ ዓይኔን ያመኛል»። ሁለቱ ለእሳቸው እኩል ጥያቄ ነበሩ። ለመጀመሪያው የለም አልኩ፤ ለሁለተኛው በመብራት ነው የምጋግረው፣ መብራት በጠፋ ቀን ግን ቃል አልገባም አልኳቸው። ሳቁ። ገባሁ።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ይህ ለእንጀራ ጋጋሪ ቀላል ነገር አይደለም። ብርዱ ሊጡን ያስተኛዋል። ባሕር ዳር ያለች ጋጋሪ አቡክታ በቶሎ የምትጋግረውን፣ እኔ በክረምት ቡሃቃውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ፣ ሌሊት አልጋዬ አጠገብ አስጠግቼ እጠብቀዋለሁ። ከላይ የጠለለውን ውኃ ደፍቼ፣ አብሲቱን ጥጄ፣ መልሼ ስጨምርበት ኩፍ ካላለ የዚያ ቀን ደንበኛ ቀረ ማለት ነው። ዓይኑ ያልወጣ እንጀራ ምግብ ቤት አይቀበልም። ጤፉ ሲወደድ ከፎገራ የሚመጣውን ሩዝ አስፈጭቼ እደባልቃለሁ፤ ያነጣዋል፣ ግን ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚህ ለዕለት የሚበሉትን ብቻ ነው የምሰጣቸው። መንገድ ተዘግቶ የጤፍ መኪና የቀረ ሰሞን ገብስ ገባበት። ደንበኞቼ ምግብ ቤቶችና ለብቻቸው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ መምህራን ናቸው። መምህራኑ ዱቤ ይወስዳሉ፣ ደመወዝ ሲገባ ግን ይከፍላሉ።

እዚህ ከተማ ውስጥ ሆኜ ስለ አንዲት ሴት ሳላስብ አልቀርም። ደብረ ታቦር የአጤ ቴዎድሮስ ከተማ ነው፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ጋፋት እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። የቴዎድሮስ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ከባሏ ከኃይለ ጊዮርጊስ ተፋትታ፣ ትንሹን ልጇን ካሣን፣ የኋላውን ቴዎድሮስን፣ ይዛ ወደ ጎንደር እንደሄደች ይነገራል። ብዙ ሳይቆይ አባትየው ሞተ፤ ዘመዶቹ ንብረቱን ተካፍለው ለልጁ ምንም አላስቀሩለትም፣ እሷም ኮሶ እየሸጠች አሳደገችው ይባላል። ጳውሎስ ኞኞን የመሰሉ ጸሐፊዎች ኮሶ ሻጭነቱ ጠላት ያወራው ስም ማጥፋት ነው ብለዋል። እውነትም ሆነ ሐሰት ስድቡ ግን ተሰድቧል። የዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ የተቀመጠው ራስ ዓሊ ነበር፤ እናቱ እቴጌ መነንና ሹማምንቱ ካሣን የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይንቁት ነበር። ካሣ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ዓሊን ድል ነሣ፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ነገሠ፣ ደብረ ታቦርንም መቀመጫው አደረጋት።

ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚነገረውም ስለ ልጁ ነው። እኔ የምፈልገው የእናቱን ነበር። ጎንደር ስትገባ ማን አስጠጋት? ኮሶውን ከማን ትረከብ ነበር፣ በዱቤ ነው በእጅ በእጅ? «ባልሽስ?» ሲሏት ምን አለች? መጻሕፍቱ እሷን በአንድ አንቀጽ አልፈው ወደ ጦርነቱ ይሄዳሉ። ደግሞም ኮሶ መሸጥ ስድብ መሆኑ ይደንቀኛል፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ አገር ሁሉ፣ መኳንንቱን ጨምሮ፣ ኮሶውን ከአንዲት ሴት ገዝቶ ይጠጣ አልነበረም ወይ?

ወደ ራሴ ልመለስ። ብድር የሚባለውን ነገር የሞከርኩት ሦስተኛው ወር ላይ ነው። በሕዝቡ አፍ አብቁተ ይባል የነበረው የብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ለእንደኔ ዓይነቷ ቤት መያዣ ለሌላት ሴት ያለው መንገድ የቡድን ዋስትና ነው፤ የተወሰኑ ሰዎች ተሰባስበው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፣ አንዷ ካልከፈለች የቀሩት ይከፍላሉ። በዚህ ቦታ «ባልሽስ?» የሚለው ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ መልክ ለወጠ፤ ጠያቂዎቹ እንደኔው ሴቶች ናቸው። ድንች ነጋዴ፣ ጠላ ጠማቂ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ። የፈለጉት ባል አለመኖሩን ማረጋገጥ ሆኖ ተገኘ። ድንች ነጋዴዋ በግልጽ ነገረችኝ፤ «ባል ያላት ሴት ብሩን ወስዳ ለባሏ ትሰጠዋለች፣ ዕዳው ግን ለእኛ ይተርፋል»። ፈት መሆኔ ዋጋ ያወጣው እዚያች ላይ ብቻ ነው።

እድሩ ጋ ግን እንደገና ተከራከርኩ። በገጠር ሳለሁ ማኅበሩም እድሩም በእሱ ስም ነበር፤ ስንለያይ አባልነቱ ከእሱ ጋር ቀረ፣ የጽዋ ማኅበሬን ጭምር ነው ያጣሁት። ይህንን ዳኛ አይከፍለውም፣ ቆጠራ ላይም አይነሣም። የከተማው እድር ዳኛ ወንድ ከሌለ ድንኳን ማን ይተክላል፣ ለቀብር ማን ይወጣል አሉኝ። «ጋሼ፣ ለቀስተኛው የሚበላውን እንጀራ ማን ይጋግረዋል?» አልኳቸው። መዝገባቸውን አገላብጠው ተመዝገቢ አሉኝ፣ ክፍያውን ግን አልቀነሱልኝም።

ልጆቹን በተመለከተ ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ የፈራሁት አልደረሰም። እኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፤ እኔ ስጋባም ስፋታም የአባቴ ልጅ ነኝ፣ ልጆቼም የአባታቸው ስም እንዳለ ነው። መዝጋቢው የአባት ስልክ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ አለቀ። የከበደኝ ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 የሚከበረው ደብረ ታቦር በከተማችን ስም የተጠራ እስኪመስል ድረስ የኛ በዓል ነው። ልጄ ጅራፍ ፈለገ። ጅራፍ መግመድ የአባት ሥራ ነው፤ እኔ ልገምድለት ሞክሬ ሲያጮኸው ተበተነበት። ለአባቱ ደወልኩ። አባቱ በማግስቱ ከገበያ በመጣ ሰው እጅ ሁለት ጅራፍ ላከ፣ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም፣ ከአንድ ፌስታል ድንች ጋር። እኔም በዚያው ሰው እጅ ሙልሙል ላክሁለት። የተፋታ ሰው ሁሉ ጠላት መሆን አለበት የሚሉ ዘመዶች አሉኝ፤ ሙልሙሉን ሰምተው ተቆጥተዋል።

መሬቴ ዘንድሮ ገብስ ሰጥቷል። ውቂያው ላይ ራሴ ሄጄ ነበር፤ በእኩል የሰጠች ሴት ውድማ ላይ ካልቆመች የሚደርሳትን ቁና አታውቀውም። አራሹን አያ ነው የምለው፣ ክፉ ሰው አይደለም። እህሉን በትክክል ነው የሰፈረው፣ አንዲት እፍኝ አላጎደለብኝም። የተጋጨነው በጭዱ ነው። እሱ ጭድ የበሬ ነው፣ በሬውም የእኔ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ጭድ ከተማ ውስጥ ለጭቃ ቤት ለሚያስለስን ሰው በብር ይሸጣል፣ እኩል ከሆነ ሁሉም እኩል ይሁን አልኩ። ከመሐል የገባ ጎረቤት፣ አያ ግማሹን ሰጥቶኝ በአህያው እንዲያደርስልኝ አስማማን፤ ለአህያው ኪራይ ከፈልኩ። ለሚመጣው ዓመት ውላችን በጽሑፍ ይሁን፣ ጭዱም ስሙ ይጻፍ ብዬዋለሁ። ወረቀቱን አዘጋጅቼ ልኬለታለሁ። እስካሁን አልፈረመም፤ «ባልሽ በነበረ ጊዜ ስለ ጭድ አልተነጋገርንም» የሚል መልስ ነው የላከልኝ።